ሚዛኑ ይናገራል፤ የሚሰማውስ ማነው?

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ የምትሠራ የእህት ልጅ አለችኝ። ስሟን አልጠራም፤ የፋብሪካውንም እንዲሁ። ለምን እንደማልጠራ ወደ በኋላ ግልጽ ይሆናል። ዕድሜዋ 26 ነው። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተከራይታ በምትኖርባት አንዲት ክፍል ጥግ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ፣ የሰው ሚዛን ተቀምጧል። በየመንገዱ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ዓይነት ተራ ሚዛን ነው። በየማለዳው ከመኝታዋ ተነስታ፣ ሽንት ቤት ደርሳ ከተመለሰች በኋላ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ትወጣበታለች። ከዚያም ቁጥሩን በስልኳ ጽፋ ትልካለች። በቃ፣ ይኸው ነው። በውጭ አገር የሕክምና ጉባዔዎች ላይ ‹‹የርቀት ክትትል›› እየተባለ ብዙ የሚወራለት ነገር ጌጣጌጡ ሲወልቅ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ስለ ልብ የማውቀው ከዘፈን የሰማሁትን ያህል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን በእህቴ ልጅ ምክንያት ሳልወድ በግዴ ተማሪ ሆኛለሁ። አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወዳጄን በቡና ሰዓት ስጨቀጭቅ፣ የጥናት ጽሑፎችንም ሳገላብጥ ከርሜአለሁ። የተረዳሁትን ላካፍል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በአማርኛችን ‹‹የልብ ድካም›› የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች እያገለገለ ሰውን ሲያሳስት ይኖራል። በዜና ‹‹እገሌ ባደረበት ድንገተኛ የልብ ድካም ሕይወቱ አለፈ›› ሲባል ብዙውን ጊዜ የታሰበው የልብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶ የሚደርሰው አደጋ ነው። ሐኪሞች የልብ ድካም የሚሉት ግን ሌላ ነው። ልብ አልቆመም፤ እየመታ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት አቅቶታል። ይህኛው በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሳይሆን ከሰው ጋር ለዓመታት አብሮ የሚኖር፣ እየተሻለ እየከፋ የሚሄድ በሽታ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ልብ የሚገፋው ደም ሲያንስ ኩላሊት ይታለላል። ሰውነት ውኃ የጎደለው መስሎት ጨውና ውኃ መያዝ ይጀምራል። የተያዘው ውኃ ቀስ በቀስ በእግር፣ በሆድ፣ በመጨረሻም በሳንባ ይጠራቀማል። ሕመምተኛው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትራስ መደራረብ ይጀምራል፤ ሌሊት ብድግ ብሎ መስኮት ይከፍታል። ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሚዛን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ወፈረ ማለት አይደለም፤ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የሚያወፍር ጮማ አዳማ ውስጥም አይሸጥም። ውኃ ነው። ያ ውኃ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ከማሳጠሩ ከቀናት በፊት ሚዛን ላይ ይታያል። በነዚያ ቀናት ውስጥ በተለምዶ ላዚክስ የምንለው የሚያሸና መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ከፍ ቢል፣ ጨው ቢቀነስ፣ የተቋረጠ ክኒን ካለ ቢቀጠል፣ ሰውየው አልጋ ሳይይዝ ሊመለስ ይችላል። የርቀት ክትትል የተባለው ሁሉ የቆመው በዚህች ቀላል ሐሳብ ላይ ነው፦ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ያሉትን ቀናት መያዝ።

ሚዛን ሁሉን ይናገራል ማለት ግን አይደለም። ኪሎው ሳይጨምር የሚብስበት ሕመምተኛ አለ። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን አብረው ይለካሉ። ‹‹ስንት ትራስ ትደገፋለህ?›› የሚለው ጥያቄም ከማንኛውም መሣሪያ አያንስም። ኪሎ ሲወርድም ዜና ነው። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላብ እያጠለቀው የሚያሸና ክኒን የሚውጥ ሰው ከመጠን በላይ ውኃ ሊያልቅበት፣ ራሱን ሊያዞረው፣ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ተቀምጦ ግፊቱን የሚልክ ኢምንት መሣሪያም ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት 550 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ሆስፒታል መመላለስን በጉልህ ቀንሷል። ይሁንና የእኛ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

የእኛ ጉዳይ የትኛው ነው? በጀርመን ወይም በአሜሪካ የልብ ድካም በአመዛኙ የአዛውንት በሽታ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 12 የልብ ሕክምና ማዕከላት 1,006 ሕመምተኞችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ያሳየው ግን ሌላ ነው። የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር። ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። 45 በመቶ ያህሉን ለዚህ ያበቃቸው የደም ግፊት ሲሆን 14 በመቶ ያህሉን ደግሞ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከመቶው 18 ያህሉ ሞተዋል። 52 ዓመት ማለት ልጆች ገና ትምህርት ቤት ያሉበት፣ ደመወዝ የሚጠበቅበት ዕድሜ ነው። የእኔም ዕድሜ እዚያው ሠፈር ስለሆነ ቁጥሩን ሳነብ ትንሽ ዝም ብያለሁ። (‹‹ተሽሎኛል›› ብሎ የግፊት ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ የተወ አንባቢ ካለ ይህን አንቀጽ ደግሞ ቢያነበው አይከፋም።)

የእህቴ ልጅ ከ14ቱ ወገን ናት። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ ከዚያም ጉልበቷን። ‹‹ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው›› ተብሎ በቅቤ ታሽታ ታለፈ። ጉሮሮዋ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ያስነሳው የሰውነት ቁጣ ግን የልብ ቫልቯን እያጠበበው ኖሯል። ይህ የታወቀው አዳማ ከገባች በኋላ ነው። ፓርኩ መስከረም 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ከአካባቢው ከተሞችና ከገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ ፍለጋ ጎርፈዋል፤ እሷም ትንሽ ቆይታ ተከተለቻቸው። እግሯ ሲያብጥ ‹‹ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው›› አለች። ጓደኞቿም እግራቸው ያብጥ ስለነበር ማንም አልገረመው። በመጀመሪያ ሆስፒታል የገባችው በሌሊት፣ በባጃጅ፣ በሁለት ሰው ተደግፋ ነው።

ስትወጣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ በየቀኑ አራት ዓይነት ክኒን፣ በየሁለት ወሩ ቀጠሮ ተሰጣት። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ ገባች። ያን ጊዜ ነው በተመላላሽ ክፍል ያለች አንዲት ነርስ ‹‹ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ነበርሽ?›› ብላ የጠየቀቻት። የሚያውቅ አልነበረም። ነርሷ ሚዛን እንድንገዛ ነገረችንና የክፍሉን ስልክ ቁጥር ሰጠቻት። ‹‹በየጠዋቱ ጻፊልኝ፤ ችግር ካየሁ እደውላለሁ፤ ዝም ካልኩሽ ደህና ነሽ ማለት ነው።›› ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ያዝ ያድርጋት።

ነርሷ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር አየች። ቁጥሩ ሰኞ 52 ይሆንና ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለ ዓርብ 53 ተኩል ይደርሳል፤ ሰኞ ተመልሶ 52። ደወለችላት። ‹‹የኔ እህት፣ በሥራ ቀን ላዚክስሽን ትውጫለሽ?›› አትውጥም ነበር። ላዚክስ የዋጠ ሰው በሚቀጥሉት ሰዓታት ደጋግሞ ሽንት ቤት መሄዱ ግድ ነው። የስፌት መስመር ላይ ደግሞ አንድ ማሽን ሲቆም ከኋላው ሥራ ይከማቻል፤ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፤ ሌሎቹ ይገላምጣሉ። ልጅቱ ምርጫዋን አድርጋለች፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ፣ እሑድ መድኃኒት። ነርሷ ሐኪሙን አማክራ ክኒኑን ከፈረቃ መልስ እንድትወስደው አስተካከለችላት። መፍትሔው ይኼው ነበር። ሰባት ወር ያህል ሆስፒታል አልተኛችም።

ይህን ለሐኪም ወዳጄ ስነግረው ሳቀና ‹‹ሁለቱን ጥናቶች አንብብ›› አለኝ። አነበብኩ።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 1,653 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየቀኑ ወደ አንድ ስልክ እየደወሉ ለተቀረጸ ድምፅ ኪሏቸውንና ስሜታቸውን በቁልፍ እየተጫኑ እንዲመልሱ ተደረገ። ግማሾቹ እንደ ወትሮው በቀጠሮ ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ ውጤቱ ሲታይ ሆስፒታል ተመልሶ የገባው ወይም የሞተው በአንዱ ወገን 52.3፣ በሌላው 51.5 በመቶ ነበር። ልዩነት የለም ማለት ነው። ከመቶው 14ቱ ጭራሽ አንድ ቀንም አልደወሉም። በመጨረሻው ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን እንኳ የሚደውሉት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም ነበር። ለተቀረጸ ድምፅ ሆዱን የሚያወራ ሰው አሜሪካም የለም።

ሁለተኛው የጀርመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። 1,571 ሕመምተኞች ተካፍለውበታል። ቤታቸው ሚዛን፣ የግፊት መለኪያ፣ የልብ ምት መቅረጫና የኦክስጅን መለኪያ ገባ። ልኬታቸው በየቀኑ በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ወደ ተቋቋመ ማዕከል ይሄዳል። ማዕከሉ ሌሊትና ቀን፣ እሑድና በዓል ሳይል ሐኪምና ነርስ ተቀምጠውበታል። ነርሶቹ በየወሩ እየደወሉ ያነጋግሯቸዋል፤ ማዕከሉም የየራሳቸውን ሐኪም ያገኛል። በዓመቱ ውስጥ ባልታሰበ የልብ ሕመም ሆስፒታል በመተኛት ወይም በሞት የጠፋው ጊዜ በክትትሉ ወገን 17.8 ቀን፣ በሌላው 24.2 ቀን ሆነ። የሞቱት ደግሞ በዓመት ከመቶ ሰው 8 ገደማና 11 ገደማ ነበሩ።

በሁለቱም ጥናት ቁጥር ተልኳል። ልዩነቱ በሌላኛው ጫፍ ማን እንዳለ ነው። ወዳጄ ሊነግረኝ የፈለገውም ይህን ነበር፤ ‹‹መሣሪያው አያክምም፤ የሚያክመው መልሱ ነው›› ይላል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የነካኝ ግን ተመራማሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት ያወጡት ተከታይ ጽሑፍ ነው። የአንዱ ዓመት ክትትል አልቆ መሣሪያው ከተመለሰ በኋላ ሕመምተኞቹን ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ተከታትለዋል። በሞት በኩል የነበረው ጥቅም አልቀጠለም። ክትትል ተወስዶ የሚያልቅ ኮርስ አይደለም፤ ሲቆም ይቆማል።

ይህን ካነበብኩ ብዙም ሳይቆይ እኛም ቤት ቆመ። ነርሷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ስልኩ የክፍሉ ስለነበር መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የእህቴ ልጅ ግን መላኳን ቀጠለች፦ 52፣ 52 ተኩል፣ 53፣ 54፣ 54 ተኩል። የሚመልስላት አልነበረም። አልተጨነቀችም። ዝም ካሏት ደህና ናት። በሰባተኛው ቀን የቤት ጓደኞቿ ደወሉልኝ፤ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ አዳማ እስክደርስ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ኦክስጅን ተደርጎላት አገኘኋት። ‹‹ጋሼ፣ እኮ ልኬ ነበር›› ነው ያለችኝ። ስልኳን አሳየችኝ። ልካለች።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውል በሚናገረው ክፍል አንቀጽ 1682 አለ። የሕግ ትምህርት ቤት በር የረገጠ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። አንድ ፍራሽ እንኳ በዝምታ አይሸጥም። እኛ ግን የአንዲትን ልጅ ትንፋሽ በዝምታ ላይ መሥርተን ነበር። ነርሷን አልወቅስም፤ የሥራ ዝርዝሯ ውስጥ ያልነበረ ነገር በራሷ ፈቃድ ስትሠራ ሰባት ወር ያቆየችልን እሷ ናት። ሆስፒታሉንም በስም አልጠራም፤ የአንድ ሆስፒታል ጥፋት ብቻ አድርጌ ካቀረብኩት አንባቢው ስለ ሥርዓቱ ማሰቡን ይተዋል።

የሕግ ሰው ጥያቄ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ቁጥሩ በደረሰ ጊዜ ግዴታ የሚጀምረው በማን ላይ ነው? ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የተላከ 54 ሰኞ ጠዋት ቢነበብ ጥፋት አለ ወይስ የለም? ያው ሕግ በአንቀጽ 2031 የሙያ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በጥፋቱ ለደረሰው ጉዳትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ደንቡ ‹‹መልእክቱን ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ያያል?›› የሚለውን ካልወሰነ ግን ዳኛ ነርሷን በምን ሚዛን ይመዝናታል? እንዲህ ያለ ጥርጥር ደግሞ ጠንቃቃውን ባለሙያ ያሸሻል። ‹‹ቁጥሬን ብሰጥ ነገ ልከሰስ ነው›› ብሎ የሚያስብ ነርስ ቁጥሩን አይሰጥም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ይህ ክትትል በሕዝባዊው የጤና መድን እንዲሸፈን ሲወስኑ ገንዘቡን ብቻ አልወሰኑም፤ የሚከታተለው ማዕከል ምን እንደሚሠራ፣ የሕመምተኛው ሐኪም ምን እንደሚሠራ ለይተው ጻፉ። እኛ አገር መደበኛ ሠራተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ግን በተደጋጋሚ ሲገፋ ኖሯል።

‹‹ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው›› የሚል እንዳለ አውቃለሁ። የቅንጦቱን መንገድ ቀድመን ሞክረነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሕንድ መንግሥት ድጋፍ በተጀመረው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሙከራ ሥራ ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታሎች ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። ቁም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሐኪምን ከሐኪም የሚያገናኝ እንጂ ሕመምተኛው ቤት የሚደርስ አልነበረም። ሕመምተኛው ቤት የደረሰው ሌላ ነገር ነው። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጤና ጣቢያዎቻችን ቀጠሮ ያሳለፈውን ሰው በመዝገብ እየለዩ፣ እየደወሉ፣ አንዳንዴም ሰው ልከው እየፈለጉ ሕይወት አትርፈዋል። በጎንደርና በጅማም ነርሶች ስኳርን፣ ደም ግፊትንና የሚጥል በሽታን ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ ወርደው መከታተል ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የልብ ድካም ሕመምተኞችን በወረዳ ሆስፒታል ደረጃ በሠለጠኑ ነርሶች ትከታተላለች። ስለዚህ ዕውቀቱ እንግዳ አይደለም። የጠፋው የልብ ሕመምተኛም ‹‹ቀጠሮ አለፈው›› ተብሎ የሚፈለግ ሰው ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

አዳማ ላይ ቢሞከር ምን ይመስላል? ብዙ አያስፈልገውም። የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅን የመሰለ ተቋም ባለበት ከተማ፣ ከሞጆና ከመቂ እስከ ባቱ ያሉትን ሕመምተኞች ጨምሮ፣ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ነርሶች፣ በሥራ ዝርዝራቸው የተጻፈ ግዴታ፣ አንድ የማይለወጥ ስልክ ቁጥር። ለእያንዳንዱ መልእክት መልስ ይኖራል፤ ‹‹ደርሶናል፣ ደህና ነሽ›› የምትል እንኳ ብትሆን። ሁለት ቀን መልእክት ያልላከ ሰው ይደወልለታል። ነርስ ስትዛወር ስልኩ ለተተኪዋ በፊርማ ይተላለፋል፤ ለአንድ ጠረጴዛና ለአንድ ወንበር ርክክብ የሚፈራረም መሥሪያ ቤት ለዚህ አይሰንፍም። በዘመናዊ መተግበሪያ ይሁን ለሚሉኝ የምመልሰው፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል መዘጋቱን አስታውሱ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ሳንባ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ተራ የጽሑፍ መልእክትና የድምፅ ጥሪ ይቅደሙ፤ መተግበሪያው ሲመጣ በላዩ ይጨመራል።

አንድ የማከብረው ሰው ‹‹ሚዛኑን እዚያው ፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ማስቀመጥ አይቀልም?›› አለኝ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ሠራተኛው በሺዎች የሚቆጠርበት ግቢ ነው። ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ‹‹ጋሼ፣ እዚያ ከተለካሁ በሳምንቱ ከመስመሬ ያነሱኛል›› አለችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሱፐርቫይዘሯ በሽታዋን አያውቅም። በቀጠሮ ቀን ‹‹ዘመድ ሞቶብኝ ነው›› ትላለች። በዚህ አካሄድ ዘመዶቿን ጨርሳለች፤ እኔንም ሁለቴ ቀብራኛለች። ስሟንና ፋብሪካውን ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

ሕጉ በወረቀት ከእሷ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 85 እና 86 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፦ የመጀመሪያውን አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር በግማሽ፣ የቀረውን ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል፤ ሐኪምንና ጠበቃን በአንድ አንቀጽ ስላስቀመጠን ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሕመም ፈቃዱ የተሰፋው ለሚተኛ ሰው ነው፤ ከፈረቃ መልስ ክኒን የምትውጥና በቀን ሁለቴ ተጨማሪ ሽንት ቤት መሄድ የምትፈልግ ሠራተኛን አይመስልም። ‹‹ፈቅጃለሁ›› የሚል ፊርማም ቢሆን በሠራተኛና በአሠሪ መካከል ሲሆን ልጠረጥረው እገደዳለሁ፤ እንጀራዋን በያዘ ሰው ፊት እንቢ የምትል ሠራተኛ ጥቂት ናት። በእኔ እምነት አሠሪው ማወቅ የሚገባው መሥራት መቻሏንና ምን ማስተካከያ እንደሚያስፈልጋት ብቻ ነው። ኪሎዋ፣ የክኒኗ ስም፣ የቫልቯ ነገር ከነርሷ ስልክ ውጭ መውጣት የለበትም። ሚዛኑ ፋብሪካ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ መዝገቡ የሆስፒታሉ፣ ቁልፉም የሆስፒታሉ መሆን አለበት። አለበለዚያ ክትትሉ የተፈራው ዓይነት ክትትል ይሆናል።

ሌላ ቢጨመር የማይከፋ ነገር አለ። ነርሷ በስልክ የምትጠይቀው ጥያቄ አገርኛ መሆን አለበት። በጾም ወራት የጠዋቱ ክኒን ወዴት ይሄዳል? ሮመዳን ላይስ? የፋብሪካው ምሳ ምን ያህል ጨው አለበት? ጠበል ስትሄድ መድኃኒቱን ይዛ ሄዳለች ወይስ ትታ? አፋን ኦሮሞ ለሚቀለው በአፋን ኦሮሞ ይጠየቅ። የበርሊን ማዕከል እነዚህን አይጠይቅም፤ እኛ ካልጠየቅን ግን የቁጥሩን ግማሽ ታሪክ አናውቅም።

የእህቴ ልጅ ከዚያኛው ሌሊት ወዲህ ደህና ናት። የቫልቭ ሕክምናውን ተራ እየጠበቀች ነው፤ ሥራዋንም አልተወችም። በየጠዋቱ አሁንም ትለካለች። ቁጥሩን የምትልከው ግን ለእኔ ነው። አልጋዬ አጠገብ ሁለት ስልክ ጽፌ ለጥፌአለሁ፤ አንዱ የሐኪም ወዳጄ፣ ሌላው አዳማ ያለ አንድ የባጃጅ ሾፌር። ዛሬ 52 ተኩል ነው። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ‹‹ደርሶኛል›› ብዬ መለስኩላት።